ሦስት ቋጠሮ

"ዞር በይ አልኩሽ" አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ጠርሙስ የሞላበትን ሳፋ እንዳቀፈ። እህቱ ግን ከጓሮው ቦይ አፍ ላይ ንቅንቅ አላለችም።

ዕቃ ቤቱን ዛሬውኑ ባዶ አድርጎ ሊያከራየው ነው። ቤቱ የአባታቸው፣ አስታማሚዋ እሷ፣ ኪራይ ተቀባዩ ግን ጌታው፤ ወንድሟን ቤተሰቡ ከጀርባው እንዲህ ነው የሚጠራው። ዓይኑን በጨው ያጠበ! ዓመት ቆይቶ ብቅ ይልና ከኔ በላይ ላሳር ይላል። ዛሬም በረንዳው ላይ የተቀመጡትን አባቱን እንዴት አደሩ ሳይል ነው ሳፋ አምጪ ያላት።

አባትየው ዕድሜያቸውን በቀለም ቀቢነት ነው የጨረሱት። የቀለም ማቅጠኛውን፣ የባትሪ አሲዱን፣ የአይጥ መርዙን በባዶ የውሃ ጠርሙስ ያስቀምጣሉ። ክፉ ልማድ ነው፤ ልጃቸው ስንቴ ተጣልታቸዋለች። ታዲያ የጠርሙሱን አንገት በክር ሳያስሩ አይተዉም። አንድ ቋጠሮ ያለበት እሳት ይጠራል፣ ሁለት ያለበት ቆዳ ይልጣል፣ ሦስት ያለበት ሰው ይገድላል። እሷም ጠዋት በየቋጠሮው ለይታ በካርቶን ደርድራው ነበር። ጌታው መጣና ቦዩ ውስጥ ሊደፋው ሁሉንም ባንድ ሳፋ ሰበሰበው። ቆሻሻ ቆሻሻ ነው፣ ምን መለየት ያስፈልገዋል አለ። እሱ ብሎ አዋቂ!

ቦዩ ቁልቁል ወርዶ የታችኛዋ ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ነው የሚሰርገው። ሴትየዋና ልጆቿ የሚጠጡት ከዚያ ነው። ሽማግሌው መታጠቢያ ቤት የወደቁ ለት ሮጣ መጥታ ያነሳቻቸው ይህችው ጎረቤት ናት፤ ጌታው ያን ቀን ስልክ እንኳ አላነሳም።

"ጋሼ፣ ልጆቿ ይጠጡታል እኮ" አለችው።

"አታካብጂ። ትንሽ ፈሳሽ ናት፤ ዝናብ ያጥባታል።"

"የትኛውን ነው የያዘው?" አሉ አባትየው ከበረንዳው።

"ሁሉንም፣ አባባ። ባለሦስቱንም።"

"አስቀምጥ በይው። እጁን እንዳይነካው።"

ለእሱ እጅ ያዝናሉ! አባት መሆን ክፉ ነው።

እህቱ ማዘጋጃ ቤት ደውላ ነበር። እንዲህ ያለውን የሚረከቡበት ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ እንዳለ፣ በእሱ መኪና ቶሎ ደርሰው እንደሚመለሱ ነገረችው። የጌታው ፊት ተለዋወጠ። መኪናው አዲስ ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተነሳም።

"አብደሻል? ልጆቼ የሚሳፈሩበት መኪና እኮ ነው። ቢፈስ ሽታው ብቻ ይጨርሳቸዋል።"

ትኩር ብላ አየችው። ስንት ዓመት ሙሉ፣ አይገባውም፣ ምን ያድርግ እያለች ስትምረው ኖራለች። ለካ ይገባዋል። አሳምሮ ይገባዋል። እንዲህ ንቃው አታውቅም።

"ያንተ ልጆች ሲሆኑ ነው መርዝ የሚሆነው?" አለች። ጋሼ ማለቱ ከአፏ አልወጣ አለ።

ጌታው ሳፋውን መሬት ላይ አኖረና፣ ተከራዩ ማታ እንደሚመጣ፣ እስከዚያ ባያልቅ ወዮላት እያለ እጁን ሊታጠብ ገባ። ሳሙናውን ደጋግሞ ሲያሽ ከውጭ ይሰማል።

እሱ እስኪወጣ ጠርሙሶቹን በየቋጠሯቸው ለይታ ወደ ካርቶናቸው መለሰች፤ ዕቃ ቤቱንም ቆለፈች።

"ቁልፉን አምጪ" አላት ሲወጣ።

"መኪናህን ከኋላ ስትከፍትልኝ እከፍትልሃለሁ።"

ከአባቷ ክር ተቀበለች፤ ቁልፉን አሰረችበት፤ ሦስት ጊዜ ቋጠረችና አንገቷ ላይ አጠለቀችው።