በአንድ ቤት ሁለት ልጅነት

እናቴ ስትሞት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቀብሩ አልቆ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ የአባቴ እህት ክሎቲልድ የእናቴን ሽርጥ ከምስማሩ ላይ አውርዳ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ማሰሪያው ሁለቴ ዞሮኝ ተረፈ።

«እንግዲህ ፈርናንድ፣ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት እመቤት አንቺ ነሽ። ወንዶቹን አደራ» አለችኝ።

ወንዶቹ የምትላቸው አባቴና ገና ሦስት ዓመት የሆነው ወንድሜ አርማን ናቸው። አክስቴ በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ፣ ድንበር የሆነውን ወንዝ ተሻግራ ካናዳ ወዳሉት ልጆቿ ተመለሰች። እኔ ሽርጡ ለዚያች ሳምንት ብቻ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። በበረዶው ወራት ጫካ ገብቶ ግንድ ይቆርጣል፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ የሰው ድንች ማሳ ላይ ይሠራል። አይማታም፣ አይሰክርም፤ ብቻ አይናገርም። ራት አቅርቤለት ሲበላ አጠገቡ ቆሜ ፊቱን አያለሁ። ጨው በዛ አይል፣ ጣፈጠ አይል። ሲጨርስ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ይነሳል። እኔም ከዚያ በኋላ የተረፈውን እቀማምሳለሁ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት፣ ሰባት ዓመት ሄደ።

በእኛ አገር መስከረም ላይ ለድንች ለቀማ ትምህርት ቤት ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ሌሎቹ ልጆች ድንች እየተወራወሩ፣ በርሜል ውስጥ እየተደባበቁ ይሠራሉ፤ ለእነሱ በዓል ነበር። እኔ አርማንን በጆንያ ጠቅልዬ የትልሙ ጫፍ ላይ አስቀምጠውና ጎንበስ ብዬ እለቅማለሁ። አንዱ ዓይኔ ቅርጫቱ ላይ፣ ሌላው ዓይኔ እሱ ላይ። ትራክተር ድምፅ ባሰማ ቁጥር ልቤ ድው ይላል። ያ ድንጋጤ ማሳው ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ተከትሎኝ ወደ ቤት መጣ፣ አብሮኝ አደገ፣ አብሮኝ አረጀ።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ሌዮን አገባሁ። ሌዮ የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ነበር። ሁለት ልጆች ወለድን። እኔም ሃያ ስምንት ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት አገለገልኩ። የጎደለብን ነገር አልነበረም። መንደሩም «ፈርናንድ የታደለች ሴት ናት» ይል ነበር። እኔ ግን ደግ ነገር በመጣልኝ ቁጥር፣ ከኋላው ምን አስከትሎ እንደመጣ አንገቴን አስግጌ ማየት ነው የሚቀድመኝ። ደስታ እንግዳ ሆኖብኝ ኖረ፤ ቤቴ ሲመጣ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔ ሥራ አለኝ።

ልጃችን ጆስሊን ያገባች ቀን ድግሱ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነበር። ወዲያኛው ጥግ ሲጨፈር እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሰሃን አጥባለሁ። ሌዮ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«አንቺ ሴት፣ የልጅሽ ሠርግ እኮ ነው! ነይ አንዴ እንጨፍር።»

«ይቺን ልጨርስና።»

«ሰሃኑ እግር የለው፣ የትም አይሄድም።»

«ሂድ አንተ፣ መጣሁ አልኩህ።»

ጨርሼ ስወጣ ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ሌዮ ምንም አላለኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሌዮ ከሞተ አራት ዓመት አለፈው፤ እስከ ዛሬ ስለ እሱ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ በሩ ላይ መቆሙ ነው።

ባለፈው መስከረም የቀኝ ትከሻዬ ጅማት ተበጠሰ። ለቅዝቃዜው የሚደረበውን የመስኮት መስታወት ብቻዬን ላነሳ ስል ነው። ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ ቅጠል እየጠረገ ነበር፤ «አንዴ ያዝልኝ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ሆስፒታል ወስደው ቀደው ሰፉኝ፤ ክንዴንም በጨርቅ ጠቅልለው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት። ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት እንዳታንቀሳቅሺው። ቤት የሚረዳሽ ሰው አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩ። ውሸቴን ነው።

በሁለተኛው ቀን የቤቴ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«እትዬ! ሞተሽ ነው የደረስኩት ወይስ ነፍስሽ አለች?»

አርማን ነው። ስምንት ሰዓት መኪና ነድቶ መጥቷል።

«ማን ጠራህ?»

«ማንም። ድንች አማረኝና መጣሁ።»

ጆስሊን ደውላለት እንደሆነ ገባኝ። እሷ ትንንሽ ልጆች ይዛ ሩቅ ነው የምትኖረው፤ እንድትመጣ አልነገርኳትም ነበር።

ስለ አርማን ልንገራችሁ። ዕድሜውን ሙሉ የግንድ መኪና ነድቷል። ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለት ጊዜ ፈትቷል። ቤቱ በእሳት ወድሞበት አንድ ዓመት የሰው ጋራዥ ውስጥ ኖሯል። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ አንድ ኩላሊቱን አውጥተውለታል። ይህ ሁሉ ደርሶበት ሲያዩት ሎተሪ የወጣለት ይመስላል። ሲነሳ ያፏጫል፣ ሲተኛ ያፏጫል። እኔ ከእሱ የባሰ ነገር አልደረሰብኝም፤ ግን እንደ እሱ አንድ ቀን እንኳ ፉጨት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እውነቱን ልናገርና ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የተቃጠለ ነገር ሸትቶኝ ወጥ ቤት ገባሁ። አርማን ምድጃው ላይ ፕሎይ፣ ያቺን የእኛን ስስ ቂጣ፣ እየጋገረ ነው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ቁርስ።»

«ትገለብጠዋለህ እንዴ?!»

«አንዱን ጎን ጠብሼ ሌላውን ልተወው? አድልዎ አልወድም።»

«ፕሎይ አይገለበጥም! በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚበስለው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ስትበላ አላየህም?»

«እኔ መቼ መጥበሻውን አየሁ? እኔ የማየው ሰሃኔን ነው። መጥበሻውን የምታዪው አንቺ ነበርሽ» አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ያረረውን አነሳሁና እንደ ድሮዬ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ ማኘክ ጀመርኩ። ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም። ትከሻውን ሰብቆ ብቻውን በላ።

ቀኖቹ እንዲህ ይሄዱ ጀመር። ጫማዬን ያስርልኛል፤ እግሬን እሰበስባለሁ። ካልሲዬን ያለብሰኛል፤ ፊቴን አዞራለሁ። ማታ ማታ ሲደክመኝ ድካሙ የሕመሙ አልነበረም፤ ሰው ሲያደርግልኝ ዝም ብሎ መቀበል ነው ያደከመኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ትልልቅ ድስት ስሸከም እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም።

በአሥረኛው ቀን ነገሩ ፈነዳ። ጸጉሬ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ውኃ አልነካውም ነበር።

«ነይ ልጠብሽ» አለኝ አርማን።

«ተወኝ።»

«ትሸቺያለሽ።»

«ልሽተት!»

«እኔ ግን አፍንጫ አለኝ።»

በመጨረሻ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ አልኩለት። ለብ ያለ ውኃ አፈሰሰብኝ። ጣቶቹ ወፋፍራም የሾፌር ጣቶች ናቸው፤ ግን ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።

«አንገትሽን ልቀቂው» አለኝ።

«ለቅቄዋለሁ።»

«አለቀቅሽውም። እኔ ግንድ ጭኛለሁ፣ ግንድ አውቃለሁ።» ከዚያ እጁን ግንባሬ ላይ ጋረደልኝ። «ሳሙናው ዓይኔ እንዳይገባ እንዲህ ታደርጊልኝ ነበር፣ ታስታውሺያለሽ? ጓንቴን ምድጃው ላይ አሙቀሽ ታለብሺኝ ነበር። ማሳው ላይ ደግሞ ሰው የሚመስለውን ድንች እየመረጥሽ ስም ታወጪለት ነበር። አፍንጫ ያለው ቄሱ፣ ጎባጣው አክስት ክሎቲልድ። ወይ ልጅነቴ! እንዴት ደስ ይል ነበር!»

ቀና አልኩ። አረፋው በአንገቴ ወርዶ ልብሴ ውስጥ ገባ።

«የቱ ልጅነት?» አልኩት። «አንተና እኔ አንድ ቤት ነው ያደግነው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ያን ሁሉ ያደረግሁት አንተን ላስደስት ብዬ መሰለህ? እንድትተኛልኝ ነው! እንዳታለቅስብኝ ነው! አንተ ካለቀስክ ቅርጫቱ አይሞላም፣ ቅርጫቱ ካልሞላ አባባ ያኮርፋል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ አርማን። አንተን እኔ አሳደግሁህ። እኔን ማን አሳደገኝ?»

ይህን ነገር ተናግሬው አላውቅም። ለሌዮም፣ ለንስሓ አባቴም። ስናገረው ለራሴም አዲስ ሆነብኝ።

አርማን የያዘውን ጣሳ አስቀመጠና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከመጣ ጀምሮ ሳያፏጭና ሳይቀልድ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«አላውቅም ነበር» አለ። «ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያድግ ነበር የሚመስለኝ። ሁለቱ ሚስቶቼ 'አንተ ምን ሆነህ ነው ነገር የማይከብድህ?' ይሉኝ ነበር። ቤቴ ሲቃጠል እንኳ፣ የሆነ ሰው መጥቶ የሚያነሳኝ ነበር የሚመስለኝ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም ነበር። ለካ ያንቺን ድርሻ ነው የበላሁት።»

ከዚያ አለቀሰ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው፣ እንደ ልጅ በእጁ ጀርባ ዓይኑን እየጠረገ። እኔ ፎጣ ላቀብለው እጄ ተነሳ። ከልማድ ነው። መሃል ላይ ቆምኩ። ፎጣው የተሰቀለው እሱ አጠገብ ነው፤ ራሱ ያነሳዋል አልኩ በልቤ። ተቀመጥኩና እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ጨካኝነት ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ብቻ አረፍኩ።

«ድርሻዬን አልበላህም» አልኩት። «እኔ ያልነበረኝን ነው የሰጠሁህ። እንዴት እንደሰጠሁህ ግን አይገባኝም።»

«ጸጉርሽ ሳሙና አለው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ልጨርሰው?»

«ጨርሰው» አልኩት፤ ጎንበስም አልኩ። አንገቴ ያን ቀንም ሙሉ በሙሉ አልላላም።

ስድስት ሳምንቱ አለቀ። ክንዴ ተፈታ። አርማን ሻንጣውን አውጥቶ ሸሚዞቹን ማጠፍ ጀመረ። እኔ አንድ ነገር ልለው ፈልጌ ሦስት ቀን አፌ ላይ እየመጣ ተመለሰብኝ። በሦስተኛው ቀን መኪናውን አስነስቶ ሞተሩን እያሞቀ ሳለ፣ በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

«አንድ ሳምንት ጨምርልኝ» አልኩት።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። እንዲያው ብትኖር ብዬ ነው።»

ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ። ምንም ቀልድ አልቀለደም፤ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። አንድ ሳምንት ሳይሆን የመጀመሪያው በረዶ እስኪወርድ ቆየ። ብዙ ጊዜ ካርታ ስንጫወት እንውላለን፤ እሱ ያጭበረብራል፣ እኔ እሰድበዋለሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ሁለት ሳምንት ያህል እንደዚያው ከቆየሁ በኋላ ወደ ጆስሊን ደወልኩ።

«እሑድ ብትመጡ ደስ ይለኛል» አልኳት።

 «እማዬ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ? እውነቱን ንገሪኝ» አለች።

«ምንም አላለኝም። ናፍቃችሁኝ ነው።»

እናቷ ይህን ቃል እንድትናገር መታመም ያለባት ይመስላት ነበር። ለካ አርባ ዓመት ሙሉ አንዴም አልነገርኳትም። 

እሑድ መጡ። ትንሿ ልጅ መኪናው ውስጥ አስታውካ ነበርና አባቷ ወንበሩን ሲያጥብ ዋለ። ጆስሊን ሦስት ጊዜ ግንባሬን ዳሰሰች፤ ገና አላመነችኝም። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን የሆኪ ጨዋታ ስናይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ብርድ ልብስ ለብሻለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሷል። ማን እንዳለበሰኝ አልጠየቅኩም። ደስተኛ ሆንኩ ብል እዋሻለሁ፤ ሃምሳ ስድስት ዓመት የታሰረ ነገር በአንድ መኸር አይፈታም። ድካሙም አልለቀቀኝም። ግን ያን ከሰዓት ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ፣ እኔም ለመነሳት ሳልቸኩል፣ ጨዋታው እስኪያልቅ እዚያው ተኛሁ።