ወራጅ ውሃ እንኳ ይቆማል

እምቢ ማለትን ያስተማሩኝ ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው። እኔ በተፈጥሮዬ እሺ ባይ ነበርኩ፤ እናቴን ብትጠይቁ ትመሰክራለች። ሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ ግን እኚህ መምህር ጠመኔያቸውን ይዘው፣ "ሕገ ልቡና የተጻፈ ሕግ ሳይኖር ነበረ። ንጉሥ እሱን ከጣሰ፣ አመጸኛው እምቢ ያለው ሰው አይደለም፤ ንጉሡ ነው" ሲሉ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማቸው። በሕግ አምላክ ከተባለ በእኛ አገር እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል እያሉ ይኩራሩ ነበር።

ተመርቄ የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሆንኩ። አንድ ቀን አስተዳዳሪው ጠራኝና፣ መሬታችን ያለ ካሳ ተወሰደ ብለው የጮኹ ገበሬዎችን በሽብር ክሰሺ አለኝ። ለጋሽ ልሳነወርቅ ደወልኩ።

"ልብሽ ምን ይላል?" አሉኝ።

"ግፍ ነው ይላል።"

"እንግዲያው እምቢ በይ። እኔ አለሁ።"

እምቢ አልኩ። ታሰርኩ፤ እስር ቤት ያየሁትን አልዘረዝርም። ስፈታ እግሬ አውጪኝ ብዬ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ገባሁና አረጋውያን መንከባከብ ጀመርኩ። ጋሽ ልሳነወርቅ ቀድመውኝ እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተው ነበር። የጥገኝነት ጉዳዬ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጠበቃዬ ነጃት፣ "ትእዛዙን እምቢ ማለትሽን የሚያውቅልሽ ሌላ ሰው የለም። እሳቸው ዊትነስ ካልሆኑልሽ ዲፖርት ልትደረጊ ትችያለሽ" አለችኝ። ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። "ይሄም ጥያቄ ሆኖ?" አሉ። እኔም አምኜ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ቀጠሮዬ ሲቃረብ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ለካ መምህሬ ተሹመዋል፤ የመንግሥት የሕግ አማካሪ ሆነው ዛሬውኑ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ነጠላዬን እንደለበስኩ ኡበር ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ በረርኩ። ስደርስ ሻንጣ መኪና ላይ እየጫኑ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዓለም መሪ ጨብጠው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ኬሴስ?"

"የዓለምዘርፍ፣ አሁን እኮ ነገሩ ሌላ ነው። ለውጥ መጥቷል።"

"ክሰሺ ያለኝ ሰውዬ ሚኒስትር ሆኗል። ለውጡ እሱ ነው?"

"ከውስጥ ሆኖ ማስተካከል ይሻላል። ስሚኝ፣ ፍርድ ቤት ስሜን እንዳታነሺ። አደራ።"

አደራ ይሉኛል። የኔን አደራ በልተው ሳይጨርሱ የራሳቸውን ሊሰጡኝ። ደሜ ፈላ።

"በሕግ አምላክ" አልኳቸው።

ቆሙ። እጃቸው የመኪናው በር ላይ፣ አንድ እግራቸው ውስጥ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። ፊታቸው ድሮ ሰሌዳው ፊት የማውቀውን ፊት መሰለ። ይመለሳሉ ብዬ አመንኩ፤ በእግዚአብሔር አመንኩ።

"ልሳኔ፣ ፍላይቱ" አሉ እትዬ ሸዋዓለም ቀስ ብለው።

ገቡ። በሩን ዘጉት። መስኮቱን እንኳ ዝቅ አላደረጉልኝም። ፓርኪንጉ መሐል ቆሜ አለቀስኩ። ጠላቶቼ ሲያስሩኝ እንዲህ አላለቀስኩም፤ እነሱ እኔ አለሁ አላሉኝማ።

ፍርድ ቤት ያለ ምስክር ቀረብኩ። እውነቱን ልናገር ማልኩ። የመንግሥት ጠበቃው ጠየቀ፣ አስተርጓሚዋ ተረጎመችልኝ፦ "ትእዛዙ ሲሰጥሽ ያማከርሽው ሰው ነበር?"

ስሜን አታንሺ ብለው አዘውኛል። ልብሽ ምን ይላል ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ልቤ ምለሻል አለኝ። እምቢ አልኳቸው። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ተናገርኩ።

ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። "ታዲያ እኚህ ሰው ለምን መጥተው አልመሰከሩልሽም?"

"መንግሥት ሆነዋል" አልኩ።