ሪዞርቱ ሲሞላ

«አጋርነት» የሚለውን ቃል ስሰማ ያቅለሸልሸኛል። ሐይቁ ዳር ያለው የሪዞርቱ ሥራ አስኪያጅ ይህን ቃል ሳይጠራ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ስለዚህ ሰፈርተኛው አቶ አጋርነት ብሎ ስም አወጣለት።

እኔ የምሠራው አክስቴ ጋ ነው። ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት፤ መንገድ ዳር ትንሽ ፔንሲዮን አላት። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ የውጭ ሰው ሲመጣም ቋንቋ የምሞክረው እኔ ነኝና አነጋግራለሁ። በከተማችን የቆየ አሠራር አለ። አንዱ ማረፊያ ሲሞላ ባለቤቱ እንግዳውን ከደጅ አይመልስም፤ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ጎረቤቱ ጋ ራሱ ያደርሰዋል። ኮሚሽን ብሎ ነገር የለም። ዛሬ ያንተ ይሞላል፣ ነገ የኔ፣ አለቀ። አዲስ ለከፈተ ሰው ደግሞ የራሳችን ክፍል ባዶ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ለማሟሻ እንሰጠዋለን።

ለሪዞርቱም ሰጠነው። እኛ! ያን ሁሉ ሻንጣ ተሸክመን እስከ ሐይቁ ድረስ ወረድን። አሁን ሳስበው የሚያንገሸግሸኝ የራሳችን የዋህነት ነው።

አቶ አጋርነት አሠራራችንን ሲያይ ደስታውን አልቻለውም። ሁላችንንም ለስብሰባ ጠራን።

«ዘላቂ ቱሪዝም ማለት እኮ ይሄ ነው!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ። «እኛም ገብተንበታል። ሪዞርቱ ሲሞላ እንግዶቻችን እናንተ ጋ ያድራሉ።» ከዚያ ወደ አክስቴ ጠጋ ብሎ ድምፁን አለሰለሰ። «ብቻ እቴቴ፣ የኛ እንግዶች ጸጥታ ይወዳሉ። የነዚህ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነገር…»

እቴቴ ሾፌሮቿን አሰናበተች። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው የሚገቡ፣ ስትታመም መድኃኒት ከሩቅ ከተማ ፈልገው የሚያመጡላት ሰዎች ነበሩ። ጥግ ያለችውን ክፍል የሚወደው ጺማሙ ሾፌር፣ «ምን አጠፋሁ እቴቴ?» ብሎ ሲጠይቃት ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ክፍሎቹን ነጭ ቀለም አስቀባች፣ ፍራሾቹን ቀየረች፣ ሪዞርቱ እስኪሞላ መጠበቅ ጀመረች። ወራት አለፉ። ቤቱ ጭር አለ። ሪዞርቱም ቤትሽን ልግዛ ብሎ ሰው ላከባት። እንግዳ ካልመጣ ከመሸጥ ሌላ መንገድ እንደሌላት ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያቺ ቤት ደግሞ እኔም ያደግሁባት ናት።

አንድ ጠዋት አውቶቡሶች ተከታትለው ወደ ሪዞርቱ ወረዱ። እቴቴ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፣ ላይ ታች አለች፣ ደጁን ሁለቴ አስጠረገችኝ። ማንም ሳይመጣ ከሰዓት ሆነ።

«እስቲ ሂጂና እይልኝ፣ ምናልባት መንገዱ ጠፍቷቸው ይሆናል» አለችኝ።

ሄድኩ። ሪዞርቱ ጢም ብሏል። የተረፉት እንግዶች ግን ሐይቁ ዳር በተተከሉ ድንኳኖች ውስጥ ሻንጣቸውን ይፈታሉ። እንቁላሉ እንኳ ከዋናው ከተማ በመኪና ተጭኖ መጥቷል፤ የኛ ዶሮዎች ምን እንዳጠፉ እንጃ። ከድንኳኖቹ ጀርባ አንድ ቱቦ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድ ወደ ሐይቁ ይተፋል። ሽታው እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው። ከቱቦው በላይ «ሐይቃችንን አብረን እንጠብቅ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል።

አቶ አጋርነት አየኝና ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

«እንኳን መጣሽ! ነገ ከሰዓት ለእንግዶቹ ዝግጅት አለን። እቴቴ የአካባቢው አጋር ሆና ትናገርልን። አደራ፣ እንዳትቀሩ!»

ልተፋበት ምንም አልቀረኝም። ቤት ደርሼ ሁሉንም ነገርኳት።

«እናገራለሁ» አለች እቴቴ። «እሱ ካልላከልኝ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ። እነሱም እኮ ሰዎች ናቸው።»

በማግስቱ የክት ልብሷን ለብሳ መድረኩ ላይ ወጣች። እንግዶቹ ጭማቂ ይዘው በወንበሮቹ ላይ ተደርድረዋል። አቶ አጋርነት ሊተረጉም አጠገቧ ቆመ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «እናንተ ትመጣላችሁ ተብዬ ደንበኞቼን አባረርኩ። አልጋዎቼ ተነጥፈው ባዶ ናቸው። ድንኳን ውስጥ ምን አስተኛችሁ? ዛሬ እኔ ጋ እደሩልኝ። ካልመጣችሁ ቤቴን ለዚሁ ሰውዬ እሸጣለሁ።»

አቶ አጋርነት ፈገግ አለና በእንግዶቹ ቋንቋ፣ «ሪዞርቱ ሕይወቷን ለውጦላታል፣ ከልብ ታመሰግናለች» አላቸው። አጨበጨቡ። እቴቴ የተስማሙላት መስሏት ፊቷ በራ።

ዘልዬ ወጥቼ ማይክራፎኑን ከእጁ ነጠቅሁትና ያለችውን አንድም ሳላስቀር በቋንቋቸው ነገርኳቸው፤ ሾፌሮቹን፣ ባዶዎቹን አልጋዎች፣ የቤቱን ነገር። ስጨርስ ፊት ወንበር ላይ ያለች ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች፣ ተነሳችና ማጨብጨብ ጀመረች። ሌሎቹም ተነሱ። ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹን። አቶ አጋርነትም አጨበጨበ፣ ያውም ከሁሉም በላይ። ሴትዮዋ መጥታ እቴቴን አቅፋ ፎቶ ተነሳችና ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ ወደ ድንኳኗ ሄደች። የቀሩትም እያጨበጨቡ ተከተሏት።

እቴቴ የሚሄዱትን ታያለች።

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

«አንቺ ያልሽውን።»

«ቤቴን ልሸጥ ነው ማለቴንም?»

«እሱንም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?»