የአስጎብኚው ድምፅ

…አይደለም፣ ሊሆን አይችልም፣ ድምፅ ከድምፅ ይመሳሰላል፣ ስንቱ የጎንደር ወንድ ነው እንዲህ የሚያወራው፣ ቃሉን ረገጥ ረገጥ አድርጎ መጨረሻው ላይ የሚለሰልሰው፣ ትላለች ውባንች ለራሷ፣ የፊቷን ወንበር ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች፣ አውቶቡሱ አዘዞ ላይ ቆሞ አስጎብኚውን ገና መጫኑ ነው፣ ቀጠን ያለ ልጅ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ማይኩን በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣ እንዴት አደራችሁ የቆላ ጀግኖች፣ ያብስራ እባላለሁ፣ ዛሬ ጎርጎራንና ጣናን አብረን ነው የምናያቸው፣ ደህና ናችሁ፣ ደህና የምትቆዩት ግን ስትፈጥኑ ነው፣ ጀልባው አይጠብቅም። ሰው ሁሉ ይስቃል።

እሷ አትስቅም።

ይስሙኝ እማማ፣ ልጅዎ ደህና ናት፣ ደህና የምትቆየው ግን ሲፈጥኑ ነው።

ያው ነው፣ ያው ልስላሴ፣ አምና በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ለስልጠና ከገንዳ ውሃ ወደ ጎንደር ስትወጣ ከመኪና አውርደው ጫካ ያስገቧት ሰዎች ዓይኗን በጨርቅ አስረውት ነበር፣ ፊት አላየችም፣ አንድም ፊት፣ እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ እንጂ አያወሩም፣ ተነሽ ለማለት በእንጨት ጉሸማ፣ ተቀመጪ ለማለት በእንጨት ጉሸማ፣ የሰው ድምፅ ብላ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው፣ ዳባት ያለች እናቷ ጋ የሚደውለውን፣ ዘመድ አዝማድ ተሯሩጦ ገንዘብ አዋጥቶ አስለቀቃት፣ ድምፁ ግን አልለቀቃትም፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ጓንት ስታጠልቅ ይመጣል፣ ሽሮ ስታማስል ይመጣል፣ አሁን ደግሞ ማይክ ይዞ መጣ፣ ያብስራ፣ ስሙን እዩልኝ፣ ምን ሊያበስር ነው።

ዛሬ ጠዋት ሲነሱ የፈራችው መንገዱን ነበር፣ ጤና ጣቢያው በወሊድ አገልግሎት አንደኛ ወጥቶ ነው ይሄ ሽልማት፣ የአንድ ቀን ጉብኝት፣ አልሄድም ብላ ነበር፣ ጓደኛዋ ባየሽ ናት ጎትታ ያመጣቻት፣ ተነሽ እንጂ፣ እስከ መቼ ቆላ ውስጥ ተቀቅለሽ ልትቀሪ ነው፣ እና ይቺን መታጠፊያ ካለፍን፣ ያንን ጫካ ካለፍን፣ እያለች በልቧ ማርያም ማርያም ስትል መጣች፣ አይከል ላይ የደጋው ብርድ ፊቷን ሲነካት ተመስገን አለች፣ ፍርሃት ቆላ የሚቀር መስሏት፣ ሞኝ፣ ፍርሃቱ ደጋ ላይ ፌርማታ ይዞ ሲጠብቃት ኖሯል።

አንቺ፣ ላብሽን ተመልከቺው፣ ትላለች ባየሽ ጎኗ ተቀምጣ ቆሎ እየቆረጠመች፣ በዚህ ብርድ፣ ወባሽ ተነሣ እንዴ፣ ልንገራት? ምን ብዬ፣ ልጁ እሱ ነው ብዬ፣ በምን አወቅሽ ትላለች፣ በጆሮዬ፣ ፖሊስስ ምን ይለኛል፣ እህቴ ጆሮ አይመሰክርም ይለኛል፣ ብሳሳትስ፣ የሰው ልጅ አስበላሁ ማለት ነው፣ ባልሳሳትስ። ምንም አልሆንሁ፣ ትላለች፣ መኪናው አዙሮኝ ነው።

የደንቢያ ሜዳ በመስኮቱ ያልፋል፣ ጤፍ፣ ሽንብራ፣ ከብት፣ ሰላም የሆነ አገር፣ ልጁ ማይኩን አስቀምጦ ስልኩን ያወጣል፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አዎ፣ ቆላ ድባን አልፈናል፣ ሁሉም አሉ፣ እየመጣን ነው፣ አዘጋጁ፣ ይላል፣ ማንን ነው አዘጋጁ የሚለው፣ ሁሉም አሉ ማለት ምን ማለት ነው፣ ባየሽ፣ ባየሽ፣ ሰማሽው ምን እንዳለ? ሰማሁት፣ ዓሣ እያዘዘልን ነው፣ የእኔን ግን ጥብስ አድርገው በይልኝ፣ ዱለቱ አይስማማኝም። ዓሣ። ለዓሣ ነው። ልቧ ግን ዓሣ መሆኑን ቶሎ አላመነም።

ጎርጎራ። ውሃው በድንገት ከዛፎቹ ኋላ ብቅ ይላል፣ ውሃ ነው ወይስ ሰማይ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ፎቶ፣ ፎቶ፣ መንደሯ ትንሽ ናት፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ዋርካ፣ ታንኳ ጭንቅላቱ ላይ የተሸከመ ዓሣ አስጋሪ፣ ልጁ ከፊት ከፊት እየሄደ ያስጎበኛል፣ ደብረ ሲና ማርያም ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አንድ በአንድ ይተርካል፣ አፍ አለው፣ የማይካድ ነው፣ አፉ ማር ነው፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ይሰማል፣ ውባንች ግን ዓይኑን ነው የምትከተለው፣ ዓይኑ ባየሽ ላይ ያርፋል፣ ሐኪሙ ላይ ያርፋል፣ ጽዳቷ ላይ ያርፋል፣ እሷ ላይ ሲደርስ ይዘላል፣ ፍም እንደረገጠ እግር ብድግ ብሎ ይዘላል፣ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁልጊዜ፣ ስለዚህ ያውቃታል፣ እሱ ነው፣ እሱም እንዳወቀችው አውቋል፣ አሁን ምን ያደርጋታል።

ጀልባው ላይ እጁን ይዘረጋላታል፣ ሁሉንም እንደዚያ እየደገፈ ነው ያስገባው፣ ተራዋ ደርሶ ነው፣ እጁን ታየዋለች፣ ጥፍሩ የተከረከመ ንጹሕ እጅ፣ እንጨቱን የያዘው ይሄ ይሆን፣ አልይዝህም፣ ትላለች በሆዷ፣ የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ራሷ ትዘላለች፣ ልትወድቅ ነው፣ አይዞሽ እህቴ፣ ይላል፣ ያው ድምፅ፣ ያው ልስላሴ፣ ውሃው መሀል ሞተሩ ይጮሃል፣ ዳር የለም፣ መሸሻ የለም፣ ባየሽ ውሃ እየረጨችባት ትስቃለች፣ ውባንች በዓይኗ ዳሩን ትፈልጋለች፣ ዋና አልችልም፣ ዋና አልችልም፣ ዋና አልችልም።

እንደ ምንም ይመለሳሉ። ምሳ ዋርካው ሥር ነው፣ ዓሣው ተጠብሶ ደርሷል፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ ልጁ ቆሞ ያወራል፣ የድሮ ነገሥታት እዚህ ሲከርሙ ያደረጉትን፣ ውባንች አትበላም፣ አንድ ነገር ልታደርግ ነው፣ እርግጡን ልታውቅ፣ ራስ ምታት ያመማት መስላ ሻሿን ትፈታና ዓይኗ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ጨለማ፣ ግንዱን ትደገፋለች፣ አሁን አውራ፣ አሁን እሰማሃለሁ እንደ ያኔው፣ ድምፁ ይመጣል፣ ከጨለማው ወዲያ፣ ልክ እዚያ ከነበረበት ርቀት፣ ልክ በዚያ ከፍታ፣ ንጉሡም ሠራዊታቸውን አስከትለው በዚህች ወደብ ሲያ…

ይቆማል። ቃሉ ላይ ይቆማል። እህ፣ ሲያ ምን? ይላል ሐኪሙ፣ ንጉሡ ምን ሆኑ? ሻሿን ከፍ ታደርጋለች፣ ልጁ ዓይኗ የታሰረውን እያየ ቆሟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ይቅርታ፣ ጉሮሮዬን ነው፣ ይልና ወደ ውሃው ዳር ይሄዳል።

ቁጭ በይ። አትነሺ። ትነሣለች። እግሯ ራሱ ነው የሚወስዳት፣ ከመሬት ድንጋይ ታነሣለች፣ ሰዎቹ ከዚህ ይታያሉ፣ ቀን ነው፣ ብጮህ ይሰማሉ፣ ልጁ ደንገሉ አጠገብ ቁጭ ብሏል፣ ሲያያት አይነሣም፣ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያሳያታል፣ ባዶ ናቸው፣ አትጠጊኝ፣ እዚያው ቁሚ፣ ከፈለግሽ ጩኺ፣ አልሸሽም፣ ይላል፣ አዘዞ ላይ ስገባ ነው ያወቅሁሽ፣ ልወርድ ነበር፣ መውረዱን ፈራሁት።

አንተ ነህ።

እኔ ነኝ። የደወልሁት እኔ ነኝ፣ ግን አንቺን ዓይንሽን አሰሩሽ፣ እኔን አላሰሩኝም፣ ከእኔ የፈለጉት አፌን ነው፣ ከአንቺ በፊት ነው የያዙኝ፣ እንግዳ መተማ አድርሼ ስመለስ፣ አፍ አለህ አሉኝ፣ አንተ ደውል።

ውሸታም። ድንጋዩን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች፣ ውሸታም፣ እንዲህ ልትል ስትዘጋጅ ነው የዋልኸው፣ ልጁ አይከራከርም፣ እናትሽን ጠይቂ፣ ይላል፣ አንድ ቀን ያላዘዙኝን ጨምሬ ነበር፣ አይዞዎት እማማ፣ ልጅዎ ትመለሳለች፣ አልኋቸው፣ ስልኩን ከአፌ ነጠቁት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰምተሻል፣ አጠገብሽ ነው የሆነው።

ሰምታለች። ወንድ ልጅ ወይኔ እናቴ እያለ እንደ ሕፃን ሲጮህ፣ እሷ ላለመስማት ፊቷን አፈር ውስጥ ስትቀብር፣ ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው ስትል፣ በማግስቱ ያ ድምፅ ሲደውል ሻክሮ ነበር፣ ጉንፋን ይዞት ነው ብላ፣ እሰይ ብላ፣ እናቷም ነግራታለች፣ አንድ ቀን ያ ሰውዬ ልጅዎ ትመለሳለች ብሎኝ ስልኩ ጠፋ፣ እኔስ የዚያን ቀን ነው ሞታለች ብዬ የቆረጥሁት፣ ብላታለች። ስልኩ የጠፋበትና ያ ጩኸት የተሰማበት ቀን አንድ ነው፣ የደወለውም የጮኸውም አንድ ሰው ነበር። ድንጋዩን ትጥለዋለች፣ ወይም ራሱ ይወድቃል።

እናትሽ እንዴት ናቸው?

ስልክ ሲጮህ ጓዳ ገብታ ትደበቃለች፣ ትላለች፣ እንዲያመው ነው የተናገረችው፣ አመመው፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል፣ ስንቱን እናት እንደዚያ አድርጌ ይሆን፣ ይላል ከእጁ ሥር፣ ድምፄን ጠላሁት፣ ግን ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ትፈርድበት ወይስ ትዘንለት፣ አታውቅም፣ ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል አፏ ድረስ አይመጣም፣ እርግማኑም አይመጣም፣ የሚመጣው ጥያቄ ነው። እነሱስ፣ እነሱን አይተሃቸዋል?

ተሸፋፍነው ነበር፣ አንዱን ብቻ ባለፈው ገበያ ያየሁት መሰለኝ፣ ልጁን አዝሎ ጫማ ሲመርጥ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ደህና ሰው ነው የሚመስለው፣ ሰላም አለኝ።

በመልሱ ጉዞ ያብስራ ማይኩን አይነካም፣ አዘዞ ላይ ሴቶቹ አጨብጭበው ያወርዱታል፣ መስኮቷ ሥር ቆም ይላል፣ አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል፣ አውቶቡሱ ይሄዳል፣ ይሄድና ውባንች ያልጠበቀችው ነገር ይመጣባታል፣ ፍርሃቱ አልወረደም፣ እንዲያውም ሰፋ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የምትፈራው ድምፅ ነበራት፣ ስትሰማው የምታውቀው፣ የምትሸሸው፣ አሁን ያም ተወሰደባት፣ ያሰሯት ሰዎች ዝም ያሉት ናቸው፣ ዝም ያለ ሰው ደግሞ አገሩን ሞልቶታል፣ ባጃጅ የሚነዳው ዝም ብሎ ነው፣ ሱቁ በር ላይ የሚቀመጠው ዝም ብሎ ነው፣ ሚስቱን አምጥቶ ማዋለጃው በር ላይ ቆሞ የሚያድረው ባል ዝም ብሎ ነው፣ ያን ሁሉ ልጅ ሳዋልድ የማንን አዋልጄ ይሆን።

አይከልን አልፈው ይወርዳሉ፣ ሙቀቱ በቁልቁለቱ ሽቅብ ይመጣል፣ አውቶቡሱ ውስጥ ትንፍሽ የሚል የለም፣ ባየሽ እንኳ፣ ጠዋት ያን ያህል የቀለደችው ባየሽ መቁጠሪያዋን ይዛለች፣ ለካስ ትፈራለች፣ ዝምታው ውባንችን አላስቀምጥ ይላታል፣ ተነሥታ ሹፌሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ትቀመጣለች፣ ሙሐመድጣሂር ይባላሉ፣ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ የመተማ ዮሐንስ ሽማግሌ፣ ጋሽ ሙሐመድጣሂር፣ እባክዎ አንድ ነገር ያውሩኝ።

ምን ላውራሽ ቢንቲ? ይላሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው በዐረብኛ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ በዚህ መንገድ አፌ ይደርቃል፣ ሲመሽ ሰፈሬ ነይና ጠግበሽ እስክትተኚ አወራሻለሁ።

ሰውየው የዚያን ጊዜ ነው የሚታየው። ከመታጠፊያው ማዶ፣ ብቻውን፣ ትከሻው ላይ ጨርቅ የተቋጠረበት ዱላ፣ ለአጨዳ ከደጋ ከሚወርዱት አንዱ ይመስላል፣ ሳሉግ የሚሏቸው፣ ይመስላል፣ እጁን ያነሣል፣ ሌላው እጁ ሆዱን ይዟል፣ ታሟል፣ ወይም የታመመ መስሏል፣ ጫካው ከኋላው ሁለት እርምጃ ነው፣ አውቶቡሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሙሐመድጣሂር ማርሹን ይዘው ዞር ሳይሉ ይጠይቃሉ፣ ምን ላድርግ? የአዋላጅ መኪና ነው፣ ምን ላድርግ?

ከኋላ ማንም አይመልስም፣ ያ ሁሉ ነርስ፣ ሐኪሙ፣ ባየሽ፣ ዝም፣ እሷ ናት ቅርብ፣ ላቡን ታያለች፣ የከንፈሩን ድርቀት ታያለች፣ ይሄን ድርቀት ታውቀዋለች፣ በየቀኑ ታክመዋለች፣ ጫካውንም ታያለች፣ የአምናው ጨርቅ ዓይኗ ላይ ይጠብቃል።

ይንዱ፣ ትላለች።

ለስለስ ብሎ ነው የወጣው፣ ጥርት ብሎ፣ ሁሉም ሰምቷል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ በጎን መስታወቱ ሰውየው ያንሳል፣ እጁ እንደተነሣ ነው፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሆነ ነገር እየተናገረ ነው፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ምን አለ፣ ጋሽ ሙሐመድጣሂር፣ ምን አለ ሰውየው? አልሰማሁም ቢንቲ፣ ውባንች መስኮቱን በሁለት እጇ ታግላ ትከፍተዋለች፣ የቆላው ንዳድ ፊቷን ይመታዋል፣ አንገቷን አውጥታ ትሰማለች፣ ጎማ፣ ነፋስ፣ አሁንም ትሰማለች፣ አፉ አሁንም…