ቦታ መያዣው ፎቶ

ጋዜጣ ቤት ሰው በስሙ አይጠራም። እሷን «ሌይአውት» ይሏታል፣ ገጽ የምታቀናብረው እሷ ስለሆነች። እዚያ ቤት ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ነው፤ ርዕሱ ሄድላይን፣ ከፎቶ ሥር የምትገባው ጽሑፍ ካፕሽን፣ ሰው የምታሳብደው ሰዓት ዴድላይን። እናቷማ «ልጄ ሌይአውት ናት» እያለች ለጎረቤት ስታወራ፣ ሰሚው ከዶክተር ከፍ ያለ ማዕረግ ይመስለዋል።

ፎቶ ሳይደርስ ገጽ ሲሠራ ባዶው ሳጥን ውስጥ ለጊዜው ሌላ ፎቶ ይገባል። ይህንንም «ዳሚ» ይሉታል። እሷ ሁልጊዜ የምታስገባው የታናሽ ወንድሟን ፎቶ ነበር፤ ጥርሱን ፍልቅቅ አድርጎ የሳቀበትን። ዋናው ሲመጣ ትቀይረዋለች። ኤዲተሩ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ወንድምሽን ምን ሾምሽው?» እያለ ይቀልድባት ነበር። ቀልድ ነው እንግዲህ፤ ማን ምን አለ?

ትናንት ፖሊስ የሚልከው የአንድ ተጠርጣሪ ፎቶ ዘገየ። ማተሚያ ቤቱ ገጹን ላኩ እያለ ይጮኻል፣ ኤዲተሩ ከኋላዋ ቆሞ «ቶሎ በይ!» ይላታል። ፎቶው ደርሶ ኢሜይሏ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ መቀየሩን ግን ረስታ ገጹን ላከችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ዘረጋ። ወንድሟ ይስቃል። ከላዩ በደማቁ «ሕፃናት ሰርቆ የተሰወረው ተጠርጣሪ»፣ ከሥሩ «ይህን ሰው ያያችሁ ጠቁሙ»። ክው አለች።

«እይልኝ ይሄን አረመኔ» አለ ሰውዬው አጠገቡ ላለው፤ «ይስቃል እኮ!»

ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ደወለች።

«እታለም» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ። ገበያው ዳር ሞባይል የሚጠግንባት ሱቅ ውስጥ ነበር። «ሰዎች በሩን እየደበደቡ ነው። ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። ምን አድርጌያቸው ነው?»

«እንዳትከፍት! እኔ እስክመጣ ለማንም እንዳትከፍት! ሰማኸኝ?»

ከአውቶቡሱ ወርዳ እየሮጠች ኤዲተሩ ጋ ደወለች። እሱም ደነገጠ። ፖሊስ ጋ እደውላለሁ አላት፤ ከዚያ ደግሞ፣ ሰውን ያጽናና መስሎት፣ «ነገ እርማት እናወጣለን፤ ገጽ ሁለት ላይ» አላት። ነገ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደል? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ሱቁ ጋ ደረሰች። የቆርቆሮው በር በሰው ተከቧል። ግማሹ ድንጋይ ይዟል፤ ጋዜጣውን ደግሞ ሁሉም እየተቀባበለ ያየዋል። ያንን ገጽ በገዛ እጇ ነው ያሳመረችው፤ ሄድላይኑን እንኳ ከሩቅ ይነበብ ብላ ያተለቀችው እሷ ናት።

«ስህተት ነው!» ብላ በሰው መሃል ተሹለክልካ በሩ ጋ ደረሰች። «ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ! ፎቶው የሱ አይደለም... ማለቴ የሱ ነው፣ ሰውዬው ግን እሱ አይደለም!»

እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይሰማል? እሷ ራሷ ብትሆን አታምንም ነበር።

ከሱቁ ጎን ዳቦ የሚሸጡትን እናት አየቻቸው። ወንድሟ ስልካቸው በተበላሸ ቁጥር የሚጠግንላቸው ናቸው። «እማማ፣ እርስዎ ያውቁታል! በፈጠረዎት ይመስክሩለት!»

«እኔማ ደግ ልጅ መስሎኝ ነበር» አሉ ሴትዮዋ፣ ዓይናቸውን ከዓይኗ እያሸሹ። «ግን ልጄ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ።»

«አንቺ ምኑ ነሽ?» አለ አንዱ።

«እህቱ ነኝ!»

ምነው አፏን በቆረጠው!

«ተባባሪው ናት! ልጆቹን የት አደረሳችኋቸው?»

አንድ እጅ ፀጉሯን ጨምድዶ ያዘ፤ ሌላው ወገቧን መታት። ሳታስበው እሪ አለች። ወዲያው ከበሩ ጀርባ መቀርቀሪያው ሲንቋቋ ሰማች፤ ፍርሃቷ ያን ጊዜ ባሰ።

«አትክፈት! ደህና ነኝ! እኔን ተወኝ፣ አትክፈት የኔ ወንድም!»

ምን ዋጋ አለው! የእህቱን ጩኸት ሰምቶ ቁጭ የሚል ልጅ አይደለም። በሩን ወለል አድርጎ ወጣ።

«እሷን ልቀቋት!» አለ። «የምትፈልጉት እኔን አይደል?»

ለቀቋት።