ቀኑን የጠበቀው ቦይ

ልጆቼ፣ የዚያ ቆላ ገበሬ የሚኖረው በማሳው ላይ በሚጥለው ዝናብ አይደለም፤ ከተራራው ወርዶ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ በሚያልፈው ጎርፍ ነው። ጎርፉን በድንጋይና በእሾህ ግድብ አስጠልፎ፣ በቦይ እየመራ ለየባለተራው የሚያካፍል ሰው አለ፤ የውሃ አባት ይሉታል። አራጌ ዐሥራ አራት ዓመት የውሃ አባት ነበር። በዚያች ምሽት ግን ራቱን ሳይቀምስ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ባዶውን ወንዝ እያየ፣ ሐሳብ እንደ ምስጥ ውስጡን ይበላው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦዩ አፍ የሚጠረገው፣ ግድቡም የሚታሰረው ከጥንት ጀምሮ ሐምሌ አምስት ቀን ነው። ዘንድሮ ግን ገና በሰኔ አጋማሽ ተራራው ጠቆረ። ውሃው መጨረሻ ከሚደርስበት ከቦዩ ጅራት የምታርሰው ባልቴት ብርቄ እየሮጠች መጥታ፣ "አያ አራጌ፣ ሰው ጥራና እንጥረግ! ዝናቡ እኮ ያንተን ቀን አያውቅም!" ብላው ነበር።

"አባቶቻችን የቆረጡትን ቀን እኔ ልሽር?" ብሎ መለሳት።

በማግሥቱ ጎርፉ መጣ፤ በደለል የታፈነውን ቦይ ትቶ፣ የማሽላውን ውሃ ሁሉ ይዞ በረሃ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ጠብ ያለ ነገር የለም። ብርቄም ነገ በማለዳ አገር ጥላ ልትሄድ ነው።

ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ እንቅልፍ ጣለው። በእንቅልፉም ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸውን የቀድሞውን የውሃ አባት፣ አባባ ይመርን፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው አያቸው።

"ተነስ እንጂ! የውሃ አባት ተብሎ መተኛት አለ?" አሉት። ተከተላቸው።

ያሳዩት አገር የገዛ አገሩ ነበር። ማሽላ ሰው ይውጥበት የነበረው ሜዳ እንደ አሮጌ ቁርበት ተሰነጣጥቆ፣ የቀበሮ ዱካ ብቻ ይታይበታል። በየጉድጓዱ አፍ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ዝገው ቆመዋል።

"እነዚህስ ምንድን ናቸው?"

"ጎርፉ ሲያመልጣቸው መሬቱን ቆፈሩ። አንዱ ሃያ ክንድ ሲወርድ ጎረቤቱ አርባ ወረደ፤ የመጀመሪያው ደረቀበት። ኋላ ሁሉም ደረቀ። የጉድጓድ ውሃ ከየት የሚመጣ መስሎህ ነው? ማሳው ላይ ተኝቶ ከሚሰርገው ጎርፍ አይደለም እንዴ?"

"ሰዉስ?"

"ግማሹ ከተማ፣ ለቀን ሥራ። ግማሹ ከዚያ ግራር ሥር" አሉና መቃብሩን በበትራቸው አመለከቱት።

ቦዩ አፍ ሲደርሱ ዐሥር የሚሆኑ ሽማግሌዎች አቧራ ለብሰው ደለል ይዝቃሉ። ቦዩ ጥርት ብሏል፤ የእሾሁ ግድብ ልቅም ተደርጎ ታስሯል። ውሃ ግን የለም።

"ቀኑ ስንት ነው?" አለ አራጌ በፍርሃት።

"ሐምሌ አምስት። እነዚህ አንድም ዓመት ቀኑን አላሳለፉም" አሉና አባባ ይመር ሳቁ፤ ሳቃቸውም ደረቅ ነበር። ከሚዝቁት አንዱ ቀና ሲል ፊቱ የራሱ የአራጌ ፊት ነበር።

"አባባ፣ ቀኑን ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት!"

"የቀደሙት ጎርፉን አይተው ቀኑን መረጡ። አንተ ቀኑን አይተህ ጎርፉን ለቀቅኸው።"

ከዚያም ወዲያ ማዶ አሳዩት። ቦዩ ከግንቦት ጀምሮ የተጠረገ፣ ተራራው ላይ ሲጥል የደጋ ሰው ጎርፍ መጣላችሁ ብሎ በስልክ የሚነግረው፣ የመጀመሪያውን ውሃ የጅራቱ ማሳ የሚጠጣበት፣ የተረፈው በኩሬ የሚተኛበት ትንሽ መንደር ነበር። ማሽላው እንደማይደርስ ሲያውቁ ቶሎ የሚያፈራውን ማሾ ዘርተዋል።

"እነዚህስ ጠግበዋል?"

"አልጠገቡም። ዝናቡ ለእነሱም አጥሯል። ግን ጎጆዎቹን እይ፤ ጭስ የማይወጣበት አለ?"

"ከሁለቱ የእኛ ዕጣ የትኛው ነው?"

"እኔ ሙት ነኝ፤ ምን ትጠይቀኛለህ?"

ባነነ። ጎሕ ቀድዷል። ነጠላውን እንኳ ሳያነሳ ወደ ብርቄ ቤት ሮጠ። አህያዋ ተጭናለች፤ የቤቱ በር ሳይቀር ተነቅሎ ከላይ ታስሯል። ያየውን አንድ በአንድ ነገራት። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ በየደጁ ዞሬ ለሰው ሁሉ ይህንኑ እናገራለሁ። ቦዩን ዛሬውኑ እንጥረግ፤ ሌላ ጎርፍ ከመጣ…"

"ካልመጣስ?"

አራጌ ወደ ጎረቤቷ ደጅ ሊሄድ ዞረ።

"እኔ በቁሜ ስነግርህ እምቢ ብለህ፣ ሙት ሲነግርህ ሰማህ!" አለችው። ከጭነቱም ላይ አካፋዋን ፈታች። በሩን ግን አላወረደችም፤ አህያዋን እንደተጫነች ነድታ ቦዩ ዳር አሰረቻትና መዛቅ ጀመረች።