ማሽን ፈልጎ ያጣው

ለቅሶ ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ምንትዋብ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ንቅንቅ ማለት አቅቷታል። የባሏ አክስቶች ከግራ ከቀኝ ይዘዋታል፤ ለአፍታ ብትነሳ እንኳ አንዷ ተከትላት ትወጣለች። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። የምትውጠው ክኒን ጓዳ ውስጥ ከልብሷ መሐል ተሸሽጓል፤ ጓዳው ደግሞ ወጥ በሚሠሩ ሴቶች ተሞልቷል። ትናንት ሳትውጥ አደረች። ዛሬም ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው።

ባሏ ደሞዝ ግንበኛ ነበር። ድንጋይ ሲፈነቅል ገደሉ ተንዶበት ሞተ። ኤች አይ ቪ በደሟ እንዳለ ከዚህ ቤት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እሱን ግን አልያዘውም።

«ምንትዋብ፣ እግዜር ያጥናሽ» አለች አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ። ከሰቆጣ የመጣችው ነርስ ዮርዳኖስ ናት። አቅፋ እያላቀሰቻት ጆሮዋ ሥር፣ «የደምሽ ውጤት መጥቷል። አሁንም ማሽኑ ቫይረሱን አላገኘውም» አለቻት።

መጀመሪያ የታያት ሮጣ ለደሞዝ መንገር ነው። ከዚያ ነው እንባዋ እንደ አዲስ የመጣ።

ደግ ጊዜ ነበር። ለምርመራ ደም ልትሰጥ ከአገራቸው ከጋዝጊብላ ሰቆጣ ሲወርዱ እሱም አብሯት ይመረመራል። የሷ ደም በረዶ ባለበት ሣጥን ተጭኖ ሌላ ከተማ ይሄድና ውጤቱ ሰንብቶ ይመጣል። ያን ቀን ደሞዝ አንዴ ሰምቶ አይጠግብም። «እስቲ ሲስተር፣ ድገሚልኝ» ይላል። ዮርዳኖስም እየሳቀች፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ እስከዋጠች ድረስ ቫይረሱ ለመቆጠር እስኪያቅት እንደሚያንስ፣ ወደ እሱም እንደማይተላለፍ ትደግምለታለች። ሲመለሱ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው በለስ ይበላሉ፤ እሾሁን የሚያራግፈው እሱ ነው። «ማሽን ፈልጎ ያጣውን እኔ ከየት አገኘዋለሁ?» ብሎ ሲስቅ አገር ይሰማ ነበር። እሷ ሰው ይሰማል ብላ ትቆጣዋለች። ያን ሳቅ አሁን አንዴ ብትሰማው ምን አለበት።

ይህን ሁሉ ዓመት ሁለቱ የጠበቁት ጤናዋ በለቅሶው መሐል ክኒኑ ተቋርጦ ሊበላሽ ነው። ፈራች፤ ግን ወደ አማቷ ወደ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ የምውጠው መድኃኒት አለ። የኤች አይ ቪ ነው።»

አሮጊቷ ዘወር ብለው አዩዋት። «ልጄስ?»

«እሱ ነፃ ነበር። በየጊዜው ተመርምሯል።»

«ሳያውቅ ነው ያገባሽ?»

«አውቆ ነው፣ እማዬ።»

«እሱ እንዲህ ነው» አሉ ወለተ ሚካኤል። «ለእኔስ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ክንዷን ይዘው አስነሷትና ጓዳ ያሉትን ሴቶች፣ «እስቲ ውጡልኝ፣ ልጄ ልብስ ትቀይር» ብለው አስወጡ።

ጓዳው መዝጊያ የለውም። ወለተ ሚካኤል ዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ ፈቱና በሩ ላይ በሁለት እጃቸው ወጥረው ቆሙ።

«ዋጥሽ?» አሉ ፊታቸውን ወደ ለቀስተኛው እንዳዞሩ።

«ዋጥሁ።»

«እንግዲህ እንደልብሽ አልቅሺለት።»

ክንዳቸው ዝሏል። ነጠላውን ግን አላወረዱም።